በጾም ኬክ ውስጥ የተገኘች ቅርፊት

ግባ፣ ግባ! በሩን መለስ አድርገው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ሳይጠሩት ነው የሚገባው። ጥግህን ይዘህ ተቀመጥ። የደረስከው ልክ ቀጭ ስትል ነው። ሯጯ እማዋይሽ ከልምምድ ሜዳው ዳር ኬኩን ገመጠች፣ አላመጠች፣ ከዚያ ጥርሷ መሃል አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሯጮቹ ሁሉ ሰሙት። ኬኩን የጋገረው ደምመላሽም ሰማው። እማዋይሽ ማላመጧን አቆመች፤ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ አንዲት ስስ፣ ነጭ፣ የጥፍር ያህል ነገር አወጣችና መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት።

«ደሜ» አለች ቀስ ብላ፤ «ይሄ ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ሰው እውነቱን ቢናገር ወሬው ባጭሩ ያልቅ ነበር፤ አንተም ብርዱን ችለህ ወደዚህ ባልመጣህ። ደምመላሽ ግን መንገድ ያሳደገው ልጅ ነው፤ አፉ መልስ አጥቶ አያውቅም።

«ጨው ነው» አለ።

«ጨው?»

«አዎ፣ ጨው ነው። አንዳንዴ ሳይሟሟ ይቀራል።»

ከኋላ ላቀው የሚባለው ቀልደኛ ሯጭ «እንዴ! ዶሮ ጨው መጣል ጀመረች?» አለ። ሜዳው በሳቅ ተሞላ። እማዋይሽ አልሳቀችም። የደምመላሽን እጅ ያዘች፣ ዘረጋችው፣ ቅርፊቷን መሃሉ ላይ አኖረች፣ ጣቶቹን አጠፈችለትና ሄደች። ሌሎቹም ሳቃቸውን ጨርሰው የያዙትን ኬክ፣ የተገመጠውንም ያልተገመጠውንም፣ ቅርጫቱ ላይ እየመለሱ ተከተሏት። ደምመላሽ እጁን ከነቅርፊቷ ኪሱ ከተተ።

ወቅቱ ሁዳዴ መሆኑን ልንገርህ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ደምመላሽ ትምህርቱን ጥሎ ከወጣ ወዲህ ያልሞከረው ሥራ የለም። ካልሲ ሸጧል፣ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኗል፣ ጫማ ጠርጓል። አንዱም ላይ አልረጋ። በመጨረሻ ዓይኑ ሯጮቹ ላይ አረፈ። ጠዋት ጠዋት ያን ብርድ ሲሰነጥቁት ይቆዩና ከሜዳው ሲወጡ ጉልበታቸው አልቋል፤ በጾም ደግሞ ከሻይና ከዳቦ ሌላ የሚጠብቃቸው የለም። ስልኩ ላይ ማፊን የሚባለውን የኩባያ ኬክ አየ፤ ስኳሩን አውጥቶ አትክልት አገባበት። የሽምብራ ዱቄት፣ የተቀቀለ ምስር፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ የተከተፈ ቆስጣ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። ሆድ የማይከብድ፣ የደከመ ጡንቻ የሚመልስ፣ ፕሮቲን ያለው። «የሽምብራ ኬክ ደግሞ ማን ይበላል?» ብለው ሲስቁበት መጀመሪያ የቀመሰችለት እማዋይሽ ነች። «የደሜ ኬክ የጾም ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ብሉ» ብላ ለቡድኑ የመሰከረችለትም እሷው ነች።

የኬኩ ማያያዣ ተልባ ነበር። ተልባ ደግሞ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ተመቶ እስኪዝለገለግ ይጠበቃል። ደምመላሽ መጠበቅ የሚባል ነገር አይሆንለትም። ያን ጠዋት ተልባው አልተወቀጠም፤ ኬኩ እጁ ላይ ፍርፍር አለ፤ ሯጮቹ ደግሞ ሊወጡ ነው። እንቁላል ግን አንድ ምት ነው። ሰበረ፣ መታ፣ ጋገረ፣ «የጾም!» ብሎ ሸጠ። እንቁላሉን ከየት አመጣው አትለኝም? ቆይ፣ ወሬው ራሱ ይደርስበታል።

ከሁለት ቀን በኋላ እማዋይሽን ሜዳው ዳር እግሯን ስታፍታታ አገኛት።

«አንድ ብቻ ቅመሺልኝ» አላት።

«አልቀምስም።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ አታውቅም?»

ጫማውን አየ። «ያ እኮ ጨው...»

«ተው ደሜ!» እጇን አነሳች። «ጾሜን አስገድፈኸኛል። እሱን ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፣ ያልቃል። እኔ ግን ላንተ መስክሬ ነበር። በጓደኞቼ ፊት። እሱን ለማን ልናገር?»

የደምመላሽ ጆሮ እሳት ሆነ። ብርድ ነው እንዳይል ላብ አጠመቀው።

«ምን ላድርግ በቃ? ንገሪኝ።»

«ቅዳሜ ጠዋት ለውድድር እንሄዳለን። እስከዚያ በጋሽ ወንድይፍራው ዳቦ ቤት ጋግር። የሳቸው ምድጃ በሁዳዴ ቅቤም እንቁላልም አያውቅም። ከዚያ ምድጃ ሲወጣ በዓይኔ ካየሁት እቀምሳለሁ። ካልሆነ ያንተን ውሃም አልጠጣ።»

ደምመላሽ ወደ ዳቦ ቤቱ በረረ። ጋሽ ወንድይፍራው ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ሊጥ ያገላብጣሉ።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ በሞቴ ምድጃዎን ይክፈቱልኝ! ምድጃው ካልተከፈተ እማዋይሽ አትቀምስም። እማዋይሽ ካልቀመሰች እኔ ሰው ፊት አልቆምም።»

«ምድጃውስ ምን ገዶት። በምንድን ነው የምትጋግረው?»

ከቲማቲም ድልህ ጣሳ የተሠሩትን ኩባያዎቹን አሳያቸው። ጋሽ ወንድይፍራው አንዱን አነሱ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ አንዴ አሸተቱ፣ ደግመው አሸተቱ።

«ይሄ እኮ እንቁላል እንቁላል ይላል።»

«በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ነው።»

«ከምኑ ሳይታጠብ?»

ደምመላሽ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ጋሽ ወንድይፍራው ኩባያውን በሁለት ጣት ይዘው መለሱለት፤ የሞተ አይጥ የያዙ ነው የሚመስሉት።

«ስማ ልጄ፣ ይሄ ምድጃዬ አይገባም። ምትኩ ዘንድ ሂድና አዲስ ጣሳ አስቀጥቅጥ። አዲስ ካልሆነ አልከፍትም።»

እንግዲህ ጋሽ ወንድይፍራው አልከፍትም አሉ፣ እማዋይሽ አልቀምስም አለች። የደምመላሽ እጅ ኪሱ ገባ፤ ቅርፊቷ ጣቱን ወጋችው።

ወደ ጋሽ ምትኩ ሄደ። ጋሽ ምትኩ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ናቸው፤ ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻቸው ሰፈሩን ያደነቁራል። ያን ቀን ግን ሱቁ ጭጭ ብሏል። እሳቸው በርጩማ ላይ አንገታቸውን አጣመው ተቀምጠዋል፤ መዶሻው መሬት ላይ ነው።

«ጋሽ ምትኩ፣ አዲስ ጣሳ ይቀጥቅጡልኝ! ጣሳው ካልተቀጠቀጠ ምድጃው አይከፈትም፣ ምድጃው ካልተከፈተ እማዋይሽ አትቀምስም!»

«መዶሻዬን አላነሳም።»

«ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«አንገቴን አታይም? እዚህ ጣውላ ላይ ነው የማድረው። ሚስቴ አስካለ ከቤት አስወጥታኛለች።»

«ምን አድርገው?»

«በሁዳዴ እንቁላል በልተህ መጣህ አለችኛ! እኔ! አፌን አሽትታ፣ ልክ እንደ ውሻ!» ጋሽ ምትኩ ደረታቸውን መቱ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ የማላውቅ ሰውዬ! ያን ቀን ከቤት ውጭ የቀመስኩት ያቺን አንተ የሰጠኸኝን ኬክ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ የጾም ናት። አይደለችም እንዴ?»

እውነት ነው፣ ሰጥቷቸው ነበር። ያን ጠዋት ወደ ሜዳው ሲያልፍ፣ ለኩባያዎቹ ምስጋና ብሎ፣ ገና ትኩስ የሆነችውን መርጦ። «የጾም ናት፣ ይብሉልኝ» ብሎ። አሁን ጋሽ ምትኩ በተጣመመ አንገታቸው ቀና ብለው ያዩታል፤ ዓይናቸው ላይ ጥርጣሬ የሚባል የለም። ደምመላሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስታው ነበር።

«የአትክልት ናት» አለ።

«አየህ! የአትክልት ናት! ሂድና ለአስካለ ንገርልኝ። እሷ ካላናገረችኝ መዶሻዬን አላነሳም።»

እንግዲህ ቁጠርልኝ፦ ጋሽ ምትኩ አላነሳም አሉ፣ ጋሽ ወንድይፍራው አልከፍትም አሉ፣ እማዋይሽ አልቀምስም አለች። የደምመላሽ እጅ ኪሱ ገባ፤ ቅርፊቷ ጣቱን ወጋችው።

እትዬ አስካለ ወፍጮ ቤት አላቸው። ደምመላሽ ሲደርስ ወፍጮው ይጮሃል፣ እሳቸው ከወፍጮው በላይ ይጮሃሉ።

«እትዬ አስካለ፣ ጋሽ ምትኩን ያናግሩልኝ!» አለ እሱም እየጮኸ። «እርስዎ ካላናገሯቸው መዶሻቸውን አያነሱም፣ መዶሻው ካልተነሳ ምድጃው አይከፈትም፣ ምድጃው ካልተከፈተ እማዋይሽ አትቀምስም!»

እትዬ አስካለ እጃቸውን ዘርግተው ወፍጮውን አጠፉት። ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራው።

«አንተ ነህ አይደል ያን ኬክ የጋገርከው?»

«አዎ።»

«እንቁላል ነበረው?»

ጥያቄው ቀጥ ብሎ መጣ። ደምመላሽ ግን ቀጥ ያለ ነገር ሲመጣበት መታጠፍ ለምዷል። «እትዬ አስካለ፣ ካሮት ነበረው። ቆስጣ ነበረው። ሽምብራ ነበረው፣ ያውም እርስዎ የፈጩት...»

«እኔ የጠየቅኩህ ሌላ ነው።»

«...ጨውም ነበረው።»

እትዬ አስካለ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ወረፋ የያዙት ሴቶችም አዩት። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«እኔ ባንተ አፍ አላምንም» አሉ። «ኬኩን ለምትኩ ስትሰጠው የሺመቤት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እዚያው ነበረች፤ አትክልቱንም የሸጠችልህ እሷ ናት። እሷ ትምጣና ኬኩ ውስጥ የገባውን ትመስክር። የሺመቤት ዋሽታ አታውቅም። እሷ ካልመጣች ባሌን አላናግርም፣ ያንተንም ሽምብራ አልፈጭም።»

እትዬ የሺመቤት የሚለውን ስም ሲሰማ ደምመላሽ ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመረ። ለምን እንደሆነ አሁን ታያለህ። እትዬ የሺመቤት አትክልት ሻጭ ብቻ አይደሉም፤ እሱ የሚኖርባት የጓሮ ክፍል የሳቸው ናት። ሲያመው ሾርባ የሚያመጡለት፣ ሲያመሽ በር ሳይቀረቅሩ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

እግሩን እየጎተተ ወደ ቤት ሄደ። እየሄደም አፉ ሳይፈልግ ያጉተመትማል፦ እትዬ አስካለ አላናግርም አሉ፣ ጋሽ ምትኩ አላነሳም አሉ፣ ጋሽ ወንድይፍራው አልከፍትም አሉ፣ እማዋይሽ አልቀምስም አለች። እጁ ኪሱ ገባ፤ ቅርፊቷ ጣቱን ወጋችው።

ግቢው ውስጥ እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አንዲት ቀይ ዶሮ ያባርራሉ። ዶሮዋ ላባዋን ነፍታ፣ ቅቅቅ እያለች፣ በእንጨቱ ክምር ዞራ፣ በውሃው በርሜል ዞራ፣ መልሳ ትመጣለች።

«እትዬ የሺመቤት፣ ወፍጮ ቤት ይሂዱልኝ» አለ ደምመላሽ ዶሮዋን ላለማየት ሰማዩን እያየ። «እርስዎ ካልሄዱ እትዬ አስካለ ባላቸውን አያናግሩም፣ እሳቸው ካላናገሩ ጋሽ ምትኩ መዶሻ አያነሱም፣ መዶሻው ካልተነሳ ምድጃው አይከፈትም፣ ምድጃው ካልተከፈተ እማዋይሽ አትቀምስም።»

«የት እሄዳለሁ ልጄ? ይቺን ጉድ አታያትም? ገና ማስታቀፌ ነበር፤ ሸለምጥማጥ ገብቶ እንቁላሏን ከሥሯ ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ ጎጆዋ አልገባም ብላ እንዲህ ስትዞር ትውላለች። ጥያት ብወጣ የሰው ውሻ አይምራትም። ዶሮዋ ካልታቀፈች ከቤቴ አልወጣም!» ከዚያ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ያ ሸለምጥማጥ እጁ ይሰበር! የበላው ሆዱ ውስጥ ይጩህበት! ደጅ ወጥቶ መግቢያ ይጣ!»

ደምመላሽ እጁን ከኪሱ አወጣና አየው።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?» አሉ እትዬ የሺመቤት ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «ፊትህ አመድ መስሏል። ምሳ በልተሃል? የቆስጣ ወጥ አለ፣ ግባና ብላ።»

እርግማኑንስ ችሎት ነበር። የቆስጣው ወጥ ነው የሰበረው።

አሁን እንቁላሉ ከየት እንደመጣ ገባህ። ያን ጠዋት ሱቅ ሄዶ እንዳይገዛ፣ በሁዳዴ የጾም ኬክ ጋጋሪ እንቁላል ሲገዛ ማን አይቶ ዝም ይላል? እትዬ የሺመቤት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ዶሮዋ እንቁላሏን ታቅፋ ዓይኗን ጨፍናለች። እጁን ከሥሯ ሰደደ። ነከሰችው፣ አልተወም።

እትዬ የሺመቤት ውሃ ሊቀዱ ወደ ቤት ጀርባ ሲዞሩ ደምመላሽ ዶሮዋ ፊት በርከክ አለ። ሰው አለማየቱን አረጋገጠና ለመናት። አዎ፣ ዶሮ ለመነ።

«በናትሽ ታቀፊ» አላት። «አንቺ ካልታቀፍሽ እትዬ የሺመቤት አይወጡም፣ እሳቸው ካልወጡ እትዬ አስካለ አያናግሩም፣ እሳቸው ካላናገሩ ጋሽ ምትኩ አያነሱም፣ እሳቸው ካላነሱ ጋሽ ወንድይፍራው አይከፍቱም፣ እሳቸው ካልከፈቱ እማዋይሽ አትቀምስም። እባክሽ ዶሮዬ።»

ዶሮዋ አንገቷን ወደ ጎን አድርጋ ባንድ ዓይኗ አየችው። ዶሮ አትናገርም እንዳትለኝ። ደምመላሽ ጥርት አድርጎ ነው የሰማት፦ እንቁላሌን!

ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችውና ቀጥ ብላ ወደሱ ክፍል ሄደች። በሩ አጠገብ የከሰል አመድ የሚደፋበት ጉድጓድ አለ። በእግሯ ጫረች። ደግማ ጫረች። ከአመዱ ሥር ነጭ ነገር ብቅ አለ። ቅርፊት! ሌላ ቅርፊት! ደምመላሽ ዘሎ ደረሰና በጫማው ረገጠው። ዶሮዋ ጫማውን ትጭረው ጀመር፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

እትዬ የሺመቤት የውሃ ጆጋቸውን ይዘው ከጥጉ ብቅ አሉ።

«ምን አግኝታ ነው እንዲህ የምትጭረው?»

«ምንም። ጨ...»

ያቺን ቃል አልጨረሳትም። ዶሮዋ ጠቅ፣ ጠቅ። እትዬ የሺመቤት ቆመው ይጠብቃሉ፣ ጆጋቸው ይንጠባጠባል።

ደምመላሽ እግሩን አነሳ።

ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና ያቺን የእማዋይሽን ቅርፊት አውጥቶ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጣት።

«ሸለምጥማጡ እኔ ነኝ» አለ።

እትዬ የሺመቤት ጆጋቸውን መሬት አስቀመጡ። ሊመቱኝ ነው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቢመቱትም ተመኘ። እሳቸው ግን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ምላሴን ይቁረጠው!» አሉ። «እጁ ይሰበር ያልኩት የልጄን እጅ ነው ለካ! ስረግም የዋልኩት ልጄን ነው!»

ደምመላሽ አለቀሰ። የሰፈሩ ልጆች ቢያዩት ዕድሜ ልኩን ይስቁበት ነበር፤ እንደ ሕጻን ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ አለቀሰ።

«ተልባውን ይውቀጡልኝ ብትለኝ አልወቅጥልህም ነበር?»

«አፍሬ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ይብሳል።»

«ይባስ» አሉ፤ እንባቸውን ጠርገው ወገባቸውን አጠበቁ። ርኅራኄውም ቁጣውም ባንድ ላይ ነው የመጣባቸው። «በል ተነስ። እንቁላል ገዝተህ ና። ከሱቅ እንዳትገዛ፣ የሱቅ እንቁላል አይፈለፈልም፤ አውራ ዶሮ ካለበት ቤት። በፌስታል አትያዘው፣ ይጋጭና ይሰበራል። ይሄን ሰፌድ ውሰድ፣ ጭድ አድርግበት።»

«በሰፌድ? ሰው ሁሉ ያየኛል እኮ እትዬ የሺመቤት።»

«ታዲያ ይይሃ።»

አውራ ዶሮ ያለበት ቤት የት ቢሆን ጥሩ ነው? ከሯጮቹ ሜዳ ማዶ። ሲሄድ ባዶ ሰፌድ ነበር፣ ማንም ልብ አላለው። ሲመለስ ግን በሁለት እጁ እንቁላል ተሸክሟል፤ እንዳይሮጥ ይሰበርበታል፣ እንዳይደብቀው ሰፌድ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ቀስ ብሎ ሄዶ የማያውቅ ልጅ ቀስ ብሎ ሄደ። ሯጮቹ የከሰዓት ልምምዳቸውን ጨርሰው ዳር ተቀምጠዋል።

«ደሜ!» አለ ላቀው፤ «ጨው በሰፌድ መሸጥ ተጀመረ?»

ሳቅ ሆነ። ደምመላሽ እንደልማዱ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ማለፍ ይችል ነበር። መልሱም አፉ ላይ መጥቶለታል፣ ያውም አሪፍ መልስ። ዋጠውና ቆመ።

«ጨው አይደለም። እንቁላል ነው» አለ። «ያን ቀንም እንቁላል ነበር። የጾም ነው ብዬ አበላኋችሁ። ከታቀፈች ዶሮ ሥር ነው የወሰድኩት። ጨው ነው ያልኩትም ውሸቴን ነው።»

ሳቁ ቆመ። ላቀው እንኳን አንገቱን ደፋ። እማዋይሽ የጫማዋን ክር ስታስር ነበር፤ አስራ ጨረሰች፣ ተነሳች፣ ሰፌዱን አየች፣ ፊቱን ግን ሳታይ ሄደች። ምነው በሰደበችኝ አለ በልቡ።

ከዚህ ወዲያማ ወንድሜ፣ የተቋጠረው ሲፈታ አያድርስ ነው! እንቁላሉ ጎጆው ውስጥ ተደረደረ። ዶሮዋ መጣች፣ ዞረችው፣ በመንቆሯ አገላበጠችው፣ ደምመላሽን አንዴ ገላመጠችውና ታቀፈች። ዶሮዋ ስትታቀፍ እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ብቻቸውንም አልወጡ፣ የደምመላሽን እጅጌ ይዘው ነው። ወፍጮ ቤት ሲደርሱ ወደፊት ገፉት።

«ተናገር።»

ተናገረ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ፊት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችው ፊት።

«ምስክርነቴ ይሄው ነው» አሉ እትዬ የሺመቤት። «ምትኩ የበላው ሳያውቅ ነው። የጾም ነው ብዬ ብላ ብላ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ እኔንም አታሎኛል።»

እትዬ አስካለ ወፍጮውን ትተው ወደ ብረታ ብረቱ ተራ ገሠገሡ። እትዬ የሺመቤት ሲወጡ እትዬ አስካለ አናገሩ፤ ያውም እንዴት!

«ምትኩ! ምን ትጎለታለህ? ተነስ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ!»

ጋሽ ምትኩ አንገታቸው ባንዴ ቀና። ደምመላሽን ሲያዩት መዶሻቸውን አነሱ፤ ልጁ ወደኋላ አለ።

«አንገቴን ያጣመመው ያንተ እንቁላል ነው?»

«አዎ ጋሽ ምትኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ጣሳ አምጣ!» ብለው ጮኹ። «ይሄን ንዴት ቆርቆሮ ላይ ካልተወጣሁት አንተ ላይ ልወጣው ነው!»

ቀጠቀጡ። መዶሻው ሲነሳ ሰፈሩ ደነቆረ፣ ኩባያዎቹም እንደ መስታወት አብለጨለጩ። እትዬ አስካለ ሽምብራውን ፈጩለት። ተልባውን ግን ማንም አልነካለት፤ ራሱ ቆላ፣ ራሱ ወቀጠ፣ ራሱ ነፋ። ክንዱ ሲዝል እትዬ የሺመቤት ከበራቸው ሆነው «ገና ነው፣ አልላመም» ይሉታል። በውሃ መታውና ተቀመጠ። ጠበቀ። ሲዝለገለግ እያየ ዝም ብሎ ጠበቀ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ወንድይፍራው አዲሶቹን ኩባያዎች አሸተቱ፣ ደግመው አሸተቱ፣ ከዚያ ምድጃውን ከፈቱ። ካሮቱና ቆስጣው በሽምብራው መሃል ነጠብጣብ ሆኖ፣ አናቱ ቡናማ ሆኖ አበጠ። ሲወጣ አልፈረፈረም። ደምመላሽ ቀና ሲል እማዋይሽ ሻንጣዋን ተሸክማ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተደግፋለች። መቼ እንደመጣች አላያትም። ከኋላዋ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይንተከተካል፤ ላቀው በመስኮት አንገቱን አውጥቷል።

ደምመላሽ ቅርጫቱን ብቻ ዘረጋ።

እማዋይሽ አንዷን አነሳች። ገመጠች። አላመጠች። ጋሽ ወንድይፍራው ሊጥ ማገላበጡን ያዝ አደረጉ፣ ላቀው ጆሮውን አቆመ፣ ደምመላሽ ዓይኑን ከጫማዋ ላይ አላነሳም። ቀጭ የሚል ነገር የለም። ዋጠች። ሌላ አንዷን ደግማ አነሳች፣ ቅርጫቱን ከእጁ ተቀበለችና ለላቀው በመስኮት አቀበለችው፤ ውስጥ ያሉት እጆች ተሻሙበት።

የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ዞር አለች።

«ደሜ» አለችው።

«አቤት?»

«ጨው አንሶታል።»